«ፊደል ብቻ እዪልኝ»

«የልቦለድ አርታኢ ነኝ» ስል ሰው ቀድሞ የሚጠይቀኝ «የፊደል ስህተት ነው የምታርሚው?» ብሎ ነው። ደራሲዎቹም ከዚህ ብዙ አይርቁም። ስልክ ይደወላል። ሰላምታው ይረዝማል። ከዚያ «ታሪኩ አልቋል፤ አንቺ ፊደል ብቻ እዪልኝ» ይመጣል። በዚያ ሰዓት ማተሚያ ቤቱ ዋጋ ሰጥቷል። ሽፋኑ ተሠርቶ ፌስቡክ ላይ ተለጥፏል። ለምረቃው የወመዘክር አዳራሽ ተይዟል። የጀርባ አስተያየት የሚጽፈው ታዋቂ ሰውም መጽሐፉን ገለጥ ገለጥ አድርጎ «ልብ አንጠልጣይ» ብሎ ጽፏል። የቀረሁት እኔ ብቻ ነኝ።

እኔም አያለሁ። ንጉሡን «ሠ» ከእሳቱ «ሰ» እለያለሁ። ነጠላ ሰረዙንና ድርብ ሰረዙን ቦታ ቦታቸው አስገባለሁ። አንድ ገጽ ላይ «አልማዝ» የነበረችው ሌላ ገጽ ላይ «አልማዜ» ስትሆን አስተካክላለሁ።

ግን ዓይኔ ሌላም ነገር ያያል። ዋናው ገጸ ባሕርይ እናቱን በቀበረ በሳምንቱ ፍቅር ይይዘዋል፤ ስለ ሐዘኑ አንድ መስመር የለም። ስለ አገር አንድነት ግን አራት ገጽ ንግግር ያደርጋል፤ ያውም ካፌ ቁጭ ብሎ፣ ማኪያቶው ሳይቀዘቅዝ። ሊስትሮውም፣ ባለሥልጣኑም፣ አያትየዋም አንድ ዓይነት አማርኛ ይናገራሉ፤ የደራሲውን አማርኛ። ይህን ልንገረው ወይስ ልተወው? የተከፈለኝ ለፊደሉ ነው።

የኃይለኛ አርታኢዎች ታሪክ የሚስበኝ ለዚህ ነው። ሰው ስለ እንዲህ ያለች ሴት ሲያወራ ጠባይዋን ነው የሚያወራው። ቁጡ ናት፣ ፊት አትሰጥም፣ ማሞካሸት አታውቅም። እኔ ግን ጠባይ ሁለተኛ ነገር ነው ባይ ነኝ። መጀመሪያ መታወቅ ያለበት ደመወዟን የሚከፍላት ማን እንደሆነ ነው።

ቴይ ሆሆፍን እንውሰድ። በፈረንጆቹ 1957 ኒውዮርክ ውስጥ፣ ሊፒንኮት በሚባል አሳታሚ ቤት ትሠራ ነበር። ዕድሜዋ ወደ 60 ተጠግቷል። አጭር፣ ፀጉሯን ወደ ኋላ አጥብቃ የምታስር፣ ሲጋራ ከእጇ የማይጠፋ፣ ድምጿ በጭስ የሻከረ ሴት ነበረች። ያደገችው ብሩክሊን ውስጥ፣ በኩዌከር እምነት ተከታዮች ቤት ነው። በዚያ ዓመት አንድ ረቂቅ ጠረጴዛዋ ላይ መጣ። የጻፈችው የ31 ዓመት ወጣት ናት። ከአላባማ ትንሽ ከተማ ወደ ኒውዮርክ መጥታ አየር መንገድ ቢሮ ውስጥ ቲኬት ስትቆርጥ የኖረች፣ አንድም መጽሐፍ ያላሳተመች። ስሟ ሀርፐር ሊ።

ሆሆፍ ረቂቁን አነበበች። በኋላ ስትናገር፣ የእውነተኛ ጸሐፊ ብልጭታ በየመስመሩ እንደሚታይ ነበር የመሰከረችው። ግን ልቦለድ አልነበረም አለች። የወጎች ጥርቅም ነው፤ ክሮቹ ተንጠልጥለው ቀርተዋል፤ አንድ የሚያደርጋቸው ነገር የለም።

እዚህ ጋ ቆም ልበል። እንዲህ ያለ ረቂቅ እኔ ጋ በየጊዜው ይመጣል። መስመሩ ያምራል፣ መጽሐፉ የለም። ብዙዎቻችን የምንመልሰው መልስ ከሁለት አንዱ ነው። ወይ «ይቅርታ፣ አልሆነም» እንላለን። ወይ ፊደሉን አስተካክለን እንሸኘዋለን። ሆሆፍ ሦስተኛውን መረጠች፤ ውሉን አስፈረመችና «ገና ነው» አለች። ያ «ገና» ከሁለት ዓመት በላይ ወሰደ።

በመጀመሪያው ረቂቅ ባለታሪኳ የ26 ዓመት ሴት ናት። ከኒውዮርክ ወደ ትውልድ ከተማዋ ለእረፍት ትመለሳለች፤ እዚያ ከአባቷ ጋር ትጋጫለች። መሃል መሃል ላይ ልጅነቷን ታስታውሳለች። ሆሆፍ የወደደችው እነዚያን የልጅነት ገጾች ነበር። ታሪኩን ሙሉ በሙሉ በልጅቷ ዓይን ጻፊው አለቻት። ሊ ከብዙ አሥርት ዓመታት በኋላ፣ በ2015፣ ይህን ስታነሳ የመጀመሪያ ሥራዬ ስለነበር የተባልኩትን አደረግሁ ብላለች። ይህን ሳነብ ሳቄ መጣ። እኔ ጋ የሚመጡ ጀማሪዎች የተባሉትን አያደርጉም። ብዙ የጻፉት ይሻላሉ፤ እነሱ ቢያንስ ተከራክረው ነው እምቢ የሚሉት።

ደግሞስ ነገሩ በትእዛዝ ብቻ የሄደ አይደለም። ሆሆፍ ራሷ እንደተናገረችው፣ ሊ በአንድ ሐሳብ ካልተስማማች ቁጭ ብለው ለሰዓታት ያወሩበት ነበር። አንዳንዴ ደራሲዋ ወደ አርታኢዋ ሐሳብ ትመጣለች። አንዳንዴ አርታኢዋ ወደ ደራሲዋ ትሄዳለች። አንዳንዴ ደግሞ ከውይይቱ ሁለቱም ያላሰቡት አዲስ መንገድ ይከፈታል። እኔ ኃይለኛ አርታኢ የምለው ይህን ነው። ቀይ እስክሪብቶ ማንም መግዛት ይችላል። በአንድ ምዕራፍ ላይ ሦስት ሰዓት ቁጭ ብሎ መከራከር ግን ጊዜ ያለው ሰው ሥራ ነው።

የሊን ሕይወት የጻፈ ሰው የሚተርከው አንድ ታሪክ አለ። አንድ የክረምት ማታ ሊ ተስፋ ቆርጣ ረቂቁን በመስኮት ወደ በረዶው ወረወረችው። ከዚያ እያለቀሰች ለሆሆፍ ደወለች። ሆሆፍ አላባበለቻትም። አሁኑኑ ውጪና ገጾቹን ልቀሚ አለቻት። ወጥታ ለቀመች።

መጽሐፉ «ቱ ኪል ኤ ሞኪንግበርድ» ተብሎ ሐምሌ ውስጥ በ1960 ወጣ። በዓመቱ የፑሊትዘር ሽልማት አገኘ። የቀረውን ሁሉም ያውቃል፤ ዝናውን ልዝለለው።

ለእኔ ትልቁ ነገር የሆነው በ2015 ነው። ያ የመጀመሪያው ረቂቅ «ጎ ሴት ኤ ዋችማን» በሚል ርዕስ ለብቻው ታተመ፤ አሜሪካና ካናዳ ውስጥ በመጀመሪያው ሳምንት ብቻ ከአንድ ሚሊዮን ቅጂ በላይ ተሸጠ። የአርታኢ ሥራ አብዛኛውን ጊዜ አይታይም፤ የመጀመሪያው ረቂቅ ይጣላልና። እዚህ ግን ሁለቱም መጽሐፍ ሱቅ መደርደሪያ ላይ ጎን ለጎን ቆመዋል። ሙያውን መማር የፈለገ ሰው ሁለቱን ገዝቶ ያንብብ። በረቂቁ ውስጥ በመድፈር የተከሰሰ የአንድ ጥቁር ሰው ፍርድ ቤት ጉዳይ አለፍ ተብሎ የሚነገር ነገር ነው፤ ሰውየውም ነጻ ይወጣል። በታተመው መጽሐፍ ያው ጉዳይ ታሪኩ ሁሉ የተንጠለጠለበት ሆነ። ሰውየውም ተፈረደበት። ጥቂት መስመር የነበረችው ነገር የመጽሐፉ አከርካሪ ሆነች ማለት ነው። የማን ሐሳብ ነበር የሚለው ለእኔ ብዙ ትርጉም የለውም። ከሰዓታት ክርክር የወጣ ነገር ባለቤቱ ሁለቱም ናቸው።

ይህን ስል ሆሆፍን ታቦት ላደርጋት አይደለም። በረቂቁ ውስጥ ያለው አባት የዘር መለያየትን የሚደግፉ ነጮች ስብሰባ ላይ ይገኛል። ልጁ ያንን አይታ ዓለም ይዞርባታል። በታተመው መጽሐፍ አባትየው እንከን የሌለው ሰው ሊባል ምንም አልቀረው። ለአካለ መጠን የደረሰች ሴት ከምትወደው አባቷ ጋር የምታደርገው መራር ጠብ ከመጽሐፉ ወጥቷል። የታተመው የተሻለ መጽሐፍ ነው፤ በዚህ አልጠራጠርም። ረቂቁ ውስጥ የነበረው ጥያቄ ግን የበለጠ ከባድ ነበር። አርታኢ ሰው ነው። ሳያውቀው ደራሲውን ወደሚወደው ነገር ይጎትታል። እኔ ዝምተኛ እናቶችን እወዳለሁ፤ እጄ ላይ ያለፉ ልቦለዶች ውስጥ እናቶች ከተለመደው በላይ ዝም ይላሉ። የሚከራከር ደራሲ የሚያስፈልገው ለዚህም ነው።

አሁን ወደ ገንዘቡ እንምጣ። ሆሆፍ ሁለት ዓመት መጠበቅ የቻለችው ለምንድን ነው? ትዕግስተኛ ስለሆነች አይደለም። ሊፒንኮት በየወሩ ደመወዝ ይከፍላታል። ለሊም ቅድሚያ ክፍያ ተሰጥቷታል። መጽሐፉ ቢዘገይ የሚከስረው አሳታሚው ነው፤ ደራሲዋ ለአርታኢዋ ከኪሷ አምስት ሳንቲም አታወጣም። በሊ በኩል ደግሞ ሌላ ኪስ ነበረ። በ1956 በገና ዕለት፣ ብራውን የሚባሉ ባልና ሚስት ጓደኞቿ የአንድ ዓመት ደመወዝ የሚሆን ገንዘብ ሰጥተዋት ነበር። ሥራሽን ትተሽ የፈለግሽውን ጻፊ ብለው። ጊዜውን የገዙት እነዚህ ሁለት ኪሶች ናቸው። ኃይለኝነት ደመወዝ ይፈልጋል።

የእኛ አገር ነገር ሌላ ነው። አብዛኛው የአማርኛ ልቦለድ የሚታተመው በደራሲው ገንዘብ ነው። ደራሲው ለማተሚያ ቤቱ ይከፍላል። ለሽፋን ሠሪው ይከፍላል። ለሌይአውቱ ይከፍላል። ለእኔም በገጽ ይከፍለኛል። ከዚያ መጽሐፉ ወጥቶ አከፋፋዩ የራሱን ድርሻ ይቆርጣል፤ መደብሩም ይቆርጣል፤ የቀረው ወደ ደራሲው በስንት ደጅ ጥናት ይመጣል። ገንዘቡ ከየት መጣ? ከዕቁብ፣ ከብድር፣ ውጭ ካለ ወንድም። እንዲህ ያለውን ሰው «ረቂቁ ገና ነው፤ ሁለት ዓመት ይፈልጋል» ልትሉት ሞክሩ።

ነገሩ የኩራት ጉዳይ ብቻ ቢሆን ኖሮ ቀላል ነበር። ደራሲ ሲኮራ አውቃለሁ፤ ቡና ይጋበዛል፣ ይለዝባል። ግን ወረቀት ይወደዳል። ዛሬ የተሰጠው የማተሚያ ዋጋ ከሁለት ወር በኋላ አይሠራም። ብዙ ማተሚያ ቤት ዋጋውን የሚያጸናው ለጥቂት ቀን ብቻ ነው። ስለዚህ እኔ «ቆይ» ባልኩ ቁጥር ደራሲው በብር ይከስራል። ሁለተኛውን ምዕራፍ እንደገና ጻፈው ስለው፣ በሌላ አነጋገር፣ ከኪስህ ጨምር እያልኩት ነው። ያውም ከፋዩ እሱ፣ ተቀጣሪዋ እኔ። «ፊደል ብቻ እዪልኝ» የሚለው ሰው ሰነፍ አይደለም። ሒሳብ የሚያውቅ ሰው ነው።

ለዚህ ነው «እዚህ አገር ጠንካራ አርታኢ ጠፋ» የሚለው ወቀሳ የማይዋጥልኝ። በየመጽሐፍ ምረቃው አንድ ሃያሲ ይነሳና ይህን ይላል። አዳራሹ ያጨበጭባል። እኔ ከኋላ ወንበር ላይ ሆኜ ማን ይቅጠራት እላለሁ።

የቀጠረ ነበር። በደርግ ዘመን ኩራዝ አሳታሚ ድርጅት ነበር። አርታኢዎች ነበሩት፤ የሚኖሩትም በድርጅቱ ደመወዝ ነው። ግን በዚያው ዘመን ሌላም ቀይ እስክሪብቶ ነበረ፤ የሳንሱር። «ኦሮማይ»ን ያሳተመው ኩራዝ ነው፤ በ1975 ዓ.ም.። ብዙም ሳይቆይ መጽሐፉ ከገበያ ተሰበሰበ። ደራሲው በዓሉ ግርማ ከሥራው ተባረረ፤ በየካቲት 1976 ከቤቱ እንደወጣ ቀረ። በዓሉ ራሱ ዕድሜውን በአዘጋጅነት ያሳለፈ ሰው ነበር። «መነን» መጽሔትን፣ «አዲስ ዘመን»ን መርቷል። ቅድመ ምርመራ፣ ማለትም ሳንሱሩ፣ በሕግ የተሻረው በ1985 ዓ.ም. የፕሬስ አዋጅ ሲወጣ ነው። ስለዚህ በዚያ ዘመን የጻፈ ሰው፣ ወይም ሊጽፍ ፈልጎ ያልጻፈ ሰው፣ «ይህ ምዕራፍ ቢወጣ» የሚል ድምፅ ሲሰማ ሌላ ነገር ነው የሚሰማው።

ይህን በተግባር ያየሁት ከአንድ ጡረተኛ መምህር ጋር ስሠራ ነው። ጋሼ እላቸዋለሁ። ልቦለዳቸው ስለ 1967ቱ የዕድገት በኅብረት ዘመቻ ነው። በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ተማሪዎች ወደ ገጠር የሄዱበት ጊዜ። አማርኛቸው የሚገርም ነው። መሃል ላይ ግን አንድ ረጅም ምዕራፍ አለ፤ የዘማቾች ስም ዝርዝር። ስም፣ የአባት ስም፣ የመጡበት ትምህርት ቤት። ከዚያ ሌላ ስም። ታሪኩ ቀጥ ብሎ ይቆማል። «ጋሼ፣ ይህ ምዕራፍ ቢወጣ ምን ይመስልዎታል?» አልኳቸው።

መነጽራቸውን አወለቁ። «ማነው ይውጣ ያለው?»

«እኔ ነኝ።»

«አንቺ ብቻ?»

«እኔ ብቻ ጋሼ። ሌላ ያነበበው ሰው የለም።»

ለረጅም ጊዜ አላመኑኝም። ወደዚህ እመለሳለሁ።

አርታኢ እውነቱን ሲናገር ምን እንደሚያስከፍለው ለማየት ግን ዳያና አቲልን የመሰለ የለም። እንግሊዛዊት ናት። ለንደን ውስጥ አንድሬ ዶይች የሚባል አሳታሚ ቤት ሲቋቋም ጀምሮ ነበረች፤ እስከ 75 ዓመቷ ሠራች። በጡረታዋ ስለ ሙያው የጻፈችው ትዝታ ለእኔ ቢጤዎች የጸሎት መጽሐፍ ያህል ነው። በፈረንጆቹ 2019 በ101 ዓመቷ አረፈች።

ከደራሲዎቿ አንዱ ትሪኒዳድ የተወለደው ናይፖል ነበር። ረቂቆቹ ጥርት ያሉ ስለነበሩ ብዙም እርማት አይፈልጉም። የእሷ ሥራ ማድነቅ ነበር፤ ደግሞም ከልቧ ታደንቅ ነበር። «ጊሪላስ» የተባለውን ልቦለዱን ሲያመጣ ግን ገጸ ባሕርያቱ አላሳመኗትም። ታሪኩ ከእውነተኛ ሰዎችና ከእውነተኛ ግድያ የተነሳ ነው፤ እሷ ደግሞ ከእነዚያ ሰዎች አንዳንዶቹን በአካል ታውቃቸዋለች። ያየችውን ነገረችው። ናይፖል ወዲያው ወደ ሌላ አሳታሚ ሄደ። አቲል የጻፈችው ነገር አስገራሚ ነው። ሐዘኗ እንዳለፈ ፀሐይ የወጣች ያህል ቀለል አላት፤ ከዚህ በኋላ እሱን መውደድ አይጠበቅባትም! ይሁንና አዲሱ አሳታሚ በማስታወቂያው የዌስት ኢንዲስ (የካሪቢያን ደሴቶች) ደራሲ ብሎ ሲጠራው ተናዶ ተመለሰ። መጽሐፉም በፈረንጆቹ 1975 በእነ አቲል ቤት ወጣ። ልብ በሉ፤ ናይፖል ሲሄድ አቲል የወር ደመወዟ አልተቋረጠም። እኔ ጋ ደራሲ ተቆጥቶ ሲሄድ የቤት ኪራይ ይዞ ነው የሚሄደው።

ሌላው ታሪኳ ደግሞ ስለ ምስጋና ነው። አንድ ሰው ስለ ታሂቲ መገኘት ጽፎ አመጣላት። ርዕሱን ጠንቅቆ ያውቃል፤ መጻፍ ግን አይችልም። አቲል ዓረፍተ ነገሩን አንድ በአንድ እየነቀለች ከሞላ ጎደል ሙሉውን እንደገና ጻፈችው። ደራሲው በየጊዜው እያነበበ ይስማማል። መጽሐፉ ወጣ። አንድ ሃያሲ አጻጻፉን አደነቀ። ደራሲው የጋዜጣውን ቁራጭ ቆርጦ ላከላት። ከማስታወሻ ጋር። አየሽ፣ ያ ሁሉ ጭንቀት አያስፈልግም ነበር፤ እኔ ከመጀመሪያውም ብዬ ነበር የሚል መልእክት ያለው። እሷም የወሰደችው ትምህርት፣ አርታኢ አዋላጅ ብቻ ናት የሚል ነው። ለልጁ ምስጋና የምትፈልግ የራሷን ትውለድ። ይህን ታሪክ ለሙያ ጓደኞቼ ስነግራቸው ሁሉም የየራሳቸውን የታሂቲ ሰው ያወራሉ። ምሽቱ በዚያው ያልቃል።

ከአቲል ደራሲዎች እኔን ይበልጥ የሚያስገርመኝ ግን የጂን ሪስ ነገር ነው። እዚያ ኃይለኛዋ ደራሲዋ ነበረች። ሪስ ድሃና ታማሚ አሮጊት ነበረች፤ ገጠር ውስጥ ተረስታ የምትኖር። በ1957 አሳታሚው ለምትጽፈው ልቦለድ መብት 25 ፓውንድ ከፈላት። ስድስት ወይም ዘጠኝ ወር ይበቃኛል ብላ ነበር። ዘጠኝ ዓመት ፈጀ። በ1964 መጨረሻ ላይ ረቂቁን ይዛ ለንደን መጣች። የቀሩት ጥቂት መስመሮች ናቸው። ከአቲል ጋር ምሳ በልተው ሊያከብሩ ቀጠሮ ያዙ። በዚያው ልቧን ታመመች። አቲል ለታማሚዋ ቃል ገባች፤ አልቋል ሳትይ አናትመውም ብላ። ረቂቁ በእጇ ነው። ለሌላ አንባቢ ምንም የጎደለው አይመስልም። ደራሲዋ ብትሞት ሁሉም ሰው «ታተም» ይል ነበር። አቲል ጠበቀች። በ1966 ሪስ ደብዳቤ ጻፈች፤ ሕፃን ልወልድ ነው የሚል ሕልም በተደጋጋሚ ትታይ ነበር፣ በመጨረሻ ሕፃኑን አልጋው ላይ አየችው፤ እናም መጽሐፉ አልቋል ማለት ነው። «ዋይድ ሳርጋሶ ሲ» በዚያው ዓመት ወጣ።

25 ፓውንድ ትልቅ ገንዘብ አይደለም። ያኔም አልነበረም። ግን መጠበቁን አሳታሚው ነው የተሸከመው። ረቂቁ በመሳቢያ ውስጥ ሲቀመጥ ማንም ለአቲል «ወረቀት ተወደደ» ብሎ አልደወለላትም።

ይህን ሁሉ እያወቅሁ እኔ ምን አደርጋለሁ? ትንሽ ነገር ነው የማደርገው። ክፍያውን ለሁለት ከፈልኩት። መጀመሪያ ደራሲው ለንባብ ብቻ ይከፍላል። አንብቤ ያየሁትን ሁሉ እጽፍለታለሁ፤ ፊደል አልነካም። ጥያቄ ነው የምጽፈው። እናትየው ከተቀበረች በኋላ ቤቱ ውስጥ ማን ቡና ያፈላል? ልጁ ለምን አላለቀሰም? ይህን ንግግር ካፌ ውስጥ ማን እየሰማው ነው? ከዚያ ደራሲው ይወስናል። ወይ ተመልሶ ይጽፋል፣ ወይ «ፊደሉን ብቻ እዪልኝ» ይላል፤ እሺ ብዬ አየዋለሁ። ወይ ደግሞ ወደ ሌላ አርታኢ ይሄዳል። ሁለተኛውን ክፍያ ሳልቀበል እውነቱን ስለምናገር ምላሴ ትንሽ ይፈታል። ትንሽ ብቻ። ከንባቡ በኋላ የሚመለሱት ከግማሽ በታች ናቸው። አንዷ ሄዳ ያሳተመችው ልቦለድ በደንብ ተሸጧል። አዟሪዎቹ ፒያሳ ላይ ይዘውት አያለሁ። ገበያው ከእኔ ጋር የመስማማት ግዴታ የለበትም።

ጋሼ ተመልሰው መጡ። ያን ምዕራፍ ይዘው። ከቦሌ ወጣ ያለ አንድ ጸጥ ያለ ካፌ አለ፤ እዚያ ተቀመጥን። «እነዚህ ልጆች ከዘመቻው ተመልሰው ብዙዎቹ በዚያ ጊዜ አለቁ» አሉ። ቀይ ሽብር የሚለውን ቃል አልተጠቀሙም። «ስማቸውን የጻፈ የለም። አንቺ ታሪኩ ይቆማል ትያለሽ። ይቁም።»

ተከራከርን። አንባቢው ስሞቹን ዘሎ ያልፋል አልኳቸው። ዘለለ ማለት ደግሞ ሁለተኛ ጊዜ ተረሱ ማለት ነው። እሳቸው ዝም አሉ። ቆይተው ደግሞ እኔን ዝም አሰኙኝ። ስም ሳልጽፍ «ዘማቾቹ» ብል የመዝገብ ቤት ጸሐፊ ሆንኩ እንጂ ደራሲ አልሆንኩም አሉ። እውነታቸውን ነው። ምዕራፉ አይወጣም። እንዴት ይነበብ ነው ጥያቄው። አመሻሽ ላይ አንድ ነገር ተገኘ። ማን ቀድሞ እንዳለው አሁን ለመናገር ይቸግረኛል። ስሞቹ ሁሉ ይቀራሉ፤ ግን እያንዳንዱ ስም አንድ ነገር ያደርጋል። አንዱ ጫማውን ለገበሬ ልጅ ሰጥቶ በባዶ እግሩ ይሄዳል። አንዷ ሌሊት ራዲዮ ይዛ ታለቅሳለች። አንዱ በቅሎ ይፈራል። አንድ መስመር፣ ቢበዛ ሁለት።

ያንን ምዕራፍ እየጻፉት ነው። ማተሚያ ቤቱ የሰጣቸው ዋጋ አልፎበታል፤ አዲሱ ዋጋ ከፍ ብሏል። ልዩነቱን የምትሸፍነው ቨርጂኒያ ያለችው ልጃቸው ናት። የሚጽፉትን አንብባ አታውቅም፤ አባዬ ይጻፍ ነው የምትለው። ባለፈው በቴሌግራም ደወለችልኝ።

«ስንት ቀረው?»

«ሁለት ስም።»

«ሁለት ስም ብቻ? ታዲያ ምን ይጠበቃል?»

የቀሩት ሁለቱ ምን እንዳደረጉ ጋሼ አያስታውሱም። እኔ ስማቸው ብቻ ይቀመጥ፣ አንባቢው ይረዳል ብያቸው ነበር። እምቢ አሉ። አንደኛው ደሴ እህት አለችው፤ ሄጄ እጠይቃታለሁ አሉ። ልጃቸው የአውቶቡሱንና የአልጋውን ልካለች። ሐሙስ ይሄዳሉ።